ከሁለቱ ማን ይበልጣል?

ሁለት ሰዎች በአንድ ሥራ ላይ ተሰልፈው ሲታዩ የሚመለከታቸው ሰው ዝም ብሎ ሊያያቸው አይወድም። ወዲያው «ከእነዚህ ከሁለቱ ማን ይበልጣል?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለት ጸሐፊዎች፣ ሁለት ሐኪሞች ወይም ሁለት ሯጮች በአንድ ዘመን የተነሡ እንደ ሆነ ሰው በሁለት ወገን ይከፈልና እያንዳንዱ ለወደደው ይከራከርለታል። ይልቁንም ወጣቶች በዚህ ነገር ሲከራከሩ እራታቸውን እስከ መርሳት ይደርሳሉ። ክርክሩ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ሰው ታላቅነትን የሚለካው ታላቅነትን ስለሚወድ ነው፤ የወደደውንም ነገር ሊመስል ይጣጣራል። ስለዚህ አንድ ወጣት ማንን እንደሚያደንቅ ከማወቅ ይልቅ ስለ ምን እንደሚያደንቀው ማወቅ የነገውን ጠባዩን አስቀድሞ ያሳያል። መለኪያው የተጣመመ እንደ ሆነ ግን የተለካው ሁሉ ተጣሞ ይወጣል።

ይህን ነገር ለመመርመር በአገራችን እምብዛም ካልተለመደ ጨዋታ ምሳሌ እንውሰድ። ምሳሌው የራቀ መሆኑ ይጠቅመናል። ሰው በራሱ ወገን ላይ በቅን ለመፍረድ ይቸገራል፤ ወገኑ ባልሆነ ነገር ላይ ግን ልቡ ሳያደላ ሊፈርድ ይችላል። ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጨዋታው ክሪኬት ይባላል። የተጀመረው በእንግሊዝ አገር ሲሆን ዛሬ በአውስትራልያ፣ በሕንድ፣ በፓኪስታን፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በካሪቢያን ደሴቶችና በሌሎችም አገሮች እጅግ ይወደዳል። በየወገኑ አሥራ አንድ ሰዎች ይሰለፋሉ። ከአንዱ ወገን ወርዋሪው ሮጦ መጥቶ ክንዱን ዘርግቶ ኳስ ይወረውራል፤ ከሌላው ወገን መቺው በሰፊ ዱላ እየመታ ነጥብ ይሰበስባል። ከመቺው በስተ ኋላ ሦስት ቀጫጭን እንጨቶች ተተክለዋል። ኳሱ እንጨቶቹን የመታ እንደ ሆነ፣ ወይም መቺው የመታው ኳስ መሬት ሳይነካ ከተጋጣሚዎቹ አንዱ የቀለበው እንደ ሆነ መቺው ይወጣል። በአገሮች መካከል ለብዙ ቀናት የሚደረገው ታላቁ ግጥሚያ ቴስት ይባላል። ኳሱ በቆዳ የተሸፈነ ጠንካራ ነገር ነው፤ ፈጣን ወርዋሪ ሲለቀው በሰዓት ከ140 ኪሎ ሜትር በላይ ሊበር ይችላል። መቺው የሚያስብበት ጊዜ ግማሽ ሴኮንድ ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ ፈጣን ወርዋሪ በእጁ የሚይዘው ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው ጥበብ፣ ሁለተኛው የሌላው ሰው ፍርሃት።

«ከፈጣን ወርዋሪዎች ማን ይበልጣል?» ቢባል መጀመሪያ የሚጠራው ምስክር ቁጥር ነው። የእንግሊዙ ጄምስ አንደርሰን በ2024 ከቴስት ሲሰናበት በ188 ግጥሚያዎች 704 መቺዎችን አስወጥቶ ነበር፤ ከፈጣን ወርዋሪዎች መካከል ከእርሱ በፊት እዚህ የደረሰ አልነበረም። የአውስትራልያው ግሌን ማክግራ በ124 ግጥሚያዎች 563 አስወጣ። የባርቤዶስ ተወላጅ የሆነው ማልኮልም ማርሻል ለካሪቢያን ደሴቶች ተሰልፎ በ81 ግጥሚያዎች 376 አስወጣ። በብዛት ከለካን አንደርሰን ይበልጣል። ነገር ግን አንድ መቺ ለማስወጣት በአማካይ ስንት ነጥብ እንደ ተከፈለበት ብንጠይቅ የአንደርሰን 26.45፣ የማክግራ 21.64፣ የማርሻል 20.94 ይሆናል፤ በዚህ መለኪያ ማርሻል ይቀድማል። ከእነርሱ ሁሉ በፊት ከ1901 እስከ 1914 የተጫወተው ሲድኒ ባርንስ ደግሞ በ27 ግጥሚያዎች ብቻ 189 መቺዎችን ሲያስወጣ የከፈለው 16.43 ነጥብ ነበር። ነገር ግን በባርንስ ዘመን ሜዳው ዝናብ ሲወርድበት ሳይሸፈን ይቀር ነበርና የረጠበው መሬት ለወርዋሪ ያግዝ ነበር። እንግዲህ ምስክሩ አንድ ቁጥር ሳይሆን ብዙ ቁጥሮች ናቸው፤ ቃላቸውም አይስማማም። ተከራካሪውም የሚስማማውን ቁጥር መርጦ የወደደውን ሰው ያነግሥበታል።

ከዚህም ሌላ ቁጥር ፈጽሞ የማይጽፈው ነገር አለ። በ1987 በዓለም ዋንጫ ጊዜ በላሆር ከተማ የካሪቢያን ደሴቶች ቡድን ከፓኪስታን ጋር ሲጋጠም የመጨረሻውን ኳስ የሚወረውረው ጃማይካዊው ኮርትኒ ዋልሽ ነበር። ከፓኪስታኖች አንድ ሰው ብቻ ቢወጣ ጨዋታው ያልቃል። ዋልሽ ሮጦ ሊወረውር ሲል በአጠገቡ የነበረው የፓኪስታን ተጫዋች ኳሱ ሳይለቀቅ ከስፍራው ወጣ። ሕጉ ዋልሽ እንጨቱን መትቶ ሰውዬውን እንዲያስወጣው ይፈቅድለት ነበር። እርሱ ግን ቆመ፤ ሰውዬው ወደ ስፍራው እንዲመለስ ተወው፤ ተመልሶም ወረወረ፤ ቡድኑም ተሸነፈ። ይህ ሰው በኋላ በቴስት 500 መቺዎችን በማስወጣት የመጀመሪያው ሆነ፤ በ2001 ሲሰናበት ቁጥሩ 519 ደርሶ ነበር። በመዝገብ ላይ 519 ተጽፎ ይገኛል፤ በላሆር ሊወስዳት ሲችል የተዋት ያቺ አንዲት ግን በየትኛውም ዓምድ አትገኝም።

ከዚህ የተነሣ «እንግዲያስ ቁጥርን እንተውና በምግባር እንለካ» የሚል ይኖራል። አሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን የምግባርም ሚዛን እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ይህን ለመረዳት በአንድ ቡድን ውስጥ አብረው የተሰለፉ የሁለት እንግሊዛውያን ወርዋሪዎችን ታሪክ እንመልከት። ስማቸው ሃሮልድ ላርውድና ጋቢ አለን ነው። ላርውድ በ21 ቴስቶች 78 መቺዎችን በአማካይ በ28.35 ነጥብ አስወጣ። አለን በ25 ቴስቶች 81 መቺዎችን በአማካይ በ29.37 ነጥብ አስወጣ። ቁጥራቸው ለመመሳሰል ምን ያህል እንደ ቀረበ ተመልከት። ሕይወታቸው ግን እንደ ሰማይና ምድር የተራራቀ ነበር።

ላርውድ በኖቲንግሃምሻየር የተወለደ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ልጅ ነው። እርሱም በአሥራ አራት ዓመቱ ማዕድን ጉድጓድ ገብቶ በዚያ የሚሠሩትን ፈረሶች ይጠብቅ ነበር። ከጉድጓዱ ያወጣው የክንዱ ፍጥነት ነው፤ ክሪኬትም እንጀራው ሆነ። አለን ግን በኢተንና በኬምብሪጅ የተማረ፣ በጨዋታ ደመወዝ የማይቀበል ሰው ነበር። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር ያለ ደመወዝ የሚጫወቱት «ጌቶች» ይባሉ ነበር፤ ደመወዝ የሚቀበሉት «ተጫዋቾች» ብቻ ይባሉ ነበር። በብዙ ሜዳዎች ሁለቱ ወገኖች የሚለብሱበት ክፍልና የሚገቡበት በር ልዩ ልዩ ነበር። ይህ ልዩነት የተሻረው በ1962 ነው።

በ1930 የአውስትራልያው ዶናልድ ብራድማን በእንግሊዝ ሜዳዎች ላይ በአምስት ቴስቶች 974 ነጥብ አስቆጠረ። እንግሊዞችም ይህን ሰው የሚያቆም ብልሃት ፈለጉ። በ1932 ቡድናቸው ወደ አውስትራልያ ሲሻገር አለቃው ዳግላስ ጃርዲን ብልሃቱን ይዞ ሄደ። ፈጣኖቹ ወርዋሪዎች ኳሱን ወደ እንጨቱ ሳይሆን ከፍ አድርገው ወደ መቺው ሰውነት እንዲልኩት፣ በእግሩ በኩልም ብዙ ቀላቢዎች ተቀራርበው እንዲቆሙ አደረገ። መቺው ኳሱን ቢከላከል ይቀለብበታል፤ ባይከላከል ደረቱን ወይም ራሱን ይመታል። በጊዜው የነበረው ሕግ ይህን አይከለክልም ነበር።

በጥር ወር 1933 በአደሌድ ከተማ የላርውድ ኳስ የአውስትራልያን አለቃ ቢል ውድፉልን በልቡ አካባቢ መታው። ሰውዬው ዱላውን ጥሎ ደረቱን ይዞ ሲንገዳገድ ጃርዲን ወርዋሪውን ድምፁን ከፍ አድርጎ አመሰገነው። ውድፉል በኋላ የእንግሊዞች ሹም ሊጠይቀው በመጣ ጊዜ «በሜዳው ላይ ካሉት ሁለት ቡድኖች ክሪኬት የሚጫወተው አንዱ ብቻ ነው» በሚል አሳብ መለሰለት። በዚያው ግጥሚያ በርት ኦልድፊልድ የላርውድ ኳስ ራሱን መትቶት አጥንቱ ተሰነጠቀ። እውነቱን ለመናገር ይህች ኳስ የተወረወረችው ቀላቢዎቹ በተለመደው ስፍራቸው በቆሙበት ጊዜ ነበር፤ ኦልድፊልድም ራሱ ጥፋቱ የወርዋሪው አይደለም ብሏል። ሆኖም ሕዝቡ ተቈጣ፤ በሁለቱ አገሮች የክሪኬት ሹማምንት መካከልም ብርቱ የቴሌግራም ልውውጥ ሆነ።

አለን በዚህ ሁሉ ጊዜ ምን አደረገ? አለቃው ኳሱን ወደ ሰው አካል እንዲልክ ቢጠይቀው «አልወረውርም» አለ፤ እንዳለውም በአምስቱ ቴስቶች ሁሉ በቀድሞው ሥርዐት ብቻ ወረወረ። በዚያ ወቅት ላርውድ 33 መቺዎችን በአማካይ በ19.51 ነጥብ አስወጣ፤ አለን 21 መቺዎችን በ28.23 ነጥብ አስወጣ። እንግሊዝ አራት ለአንድ አሸነፈች። በቁጥር የሚፈርድ ሰው ላርውድን ይመርጣል፤ በምግባር የሚፈርድ ግን ሳያመነታ አለንን ያነሣል። ሁለቱ በአንድ ሜዳ ከአንድ አለቃ አንድ ትእዛዝ ሰምተው አንዱ እሺ፣ አንዱ እንቢ ብሏልና።

አንባቢ ሆይ፤ ፍርዱ በዚህ ያለቀ ይመስላል። ነገር ግን ከመፍረድህ በፊት ሦስት ነገሮችን መርምር።

የመጀመሪያው ነገር የእንቢታ ዋጋ ነው። አለን እንቢ ባለ ጊዜ የሚጎድልበት እንጀራ አልነበረም። አለቃውም የእርሱ እኩያ፣ እንደ እርሱ ካሉት ጌቶች ወገን የሆነ ሰው ነበር። ከቡድኑም አልወጣም፤ እንዲያውም በ1936 እርሱ ራሱ አለቃ ሆኖ ወደ አውስትራልያ ቡድን መርቶ ሄደ። ላርውድ እንቢ ቢል ግን ከቡድኑ ተባርሮ ወደ ወጣበት ጉድጓድ ሊመለስ ይችል ነበር። አንድ ዐይነት ቃል ከሁለት አፍ ሲወጣ ዋጋው አንድ ዐይነት አይደለም። ባለጠጋ አንድ ብር ሲሰጥና ድኻ አንድ ብር ሲሰጥ ብሩ አንድ ነው፤ ስጦታው ግን አንድ አይደለም።

ሁለተኛው ነገር የእንቢታው ስፋት ነው። አለን ራሱ ወደ ሰው አካል አልወረወረም። ነገር ግን በአደሌድ ያ ብልሃት በሚሠራበት ሰዓት ብራድማን 8 ነጥብ ላይ ሳለ የላርውድን ኳስ ሲመታ የቀለበው ሰው አለን ነበር። ከወጥመዱ ጋር በእጁ አልሠራም፤ ወጥመዱ የያዘውን ግን በእጁ ተቀበለ። በዚያው ቡድን ውስጥ የነበረው የፓታውዲ ናዋብ የተባለው የሕንድ መስፍን ከወጥመዱ ቀላቢዎች መካከል እንዲቆም በታዘዘ ጊዜ አልቆምም አለ። ይህ ሰው በመጀመሪያው ቴስት ከመቶ በላይ ነጥብ ያስቆጠረ ነበር፤ ከሁለተኛው ቴስት በኋላ ግን በዚያ ወቅት አልተሰለፈም። እንግዲህ እንቢታም ደረጃ አለው፤ እጅን ከክፉ ነገር መሰብሰብ አንድ ነው፤ ከክፉ ነገር የሚገኘውንም ጥቅም መተው ሌላ ነው።

ሦስተኛው ነገር ከሥራው በኋላ የሆነው ነው። በየካቲት 1933 በሲድኒ በተደረገው በመጨረሻው ቴስት የላርውድ እግር አጥንቱ ተሰበረ። ጃርዲን ግን ብራድማን እስኪወጣ ድረስ ሜዳውን እንዳይለቅ አደረገው፤ መወርወር ባይችልም እንኳ መታየቱ ብቻ ለመቺው ማስፈራሪያ ነበርና። ብራድማን በወጣ ጊዜ ሁለቱ ባላንጣዎች ጎን ለጎን ከሜዳው ወጡ። ላርውድ ከዚያ ቀን በኋላ ለእንግሊዝ አንድ ቴስት እንኳ አልተጫወተም። በ1934 አውስትራልያውያን ወደ እንግሊዝ ሊመጡ ሲሉ ስለ ወረወራቸው ኳሶች ይቅርታ እንዲጠይቅ ተነገረው። ትእዛዙን የሰጠው ጃርዲን በ1933 መጨረሻ የእንግሊዝን ቡድን ወደ ሕንድ መርቶ ሄዶ ነበር፤ በአውስትራልያውያን ላይ እንዳይሰለፍ የወሰነውም እርሱ ራሱ ነው። ደመወዝተኛው ግን ለብቻው አጥፍቻለሁ ብሎ እንዲፈርም ተፈለገ። ላርውድ የአለቃዬን ትእዛዝ ስለ ፈጸምሁ ይቅርታ አልጠይቅም አለ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደ ተባለ ያመሰገኑት ሁሉ ሸሹት።

እንግዲህ በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለው እንቢታ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። አለን በ1932 ለአለቃው እንቢ አለ፤ ላርውድ በ1934 ለአለቆቹ ሁሉ እንቢ አለ። የአለን እንቢታ ሌላውን ሰው ከጉዳት የሚጠብቅ ነበር፤ ዋጋው ግን ቀላል ነበር። የላርውድ እንቢታ ማንንም ከጉዳት አላዳነም፤ የሌላውን ጥፋት ለብቻው ላለመሸከም ብቻ የተነገረ ነበር፤ ዋጋው ግን የቴስት ዘመኑ ሁሉ ነበር። ታዲያ ማን ይበልጣል?

አንዳንድ ሰው በዚህ ጊዜ «ድኻ ስለ ነበር ላርውድ ነጻ ነው» ብሎ ይደመድማል። ይህ ግን ቅን ፍርድ አይደለም። ለእንጀራ የተወረወረ ኳስና ለክብር የተወረወረ ኳስ የሰውን ደረት የሚመቱት እኩል ነው። ችግር የሰውን ጥፋት ሊያቀልለት ይችላል፤ ጥፋትን ግን ልማት አያደርገውም። ደግሞም ላርውድን ያለ ፈቃዱ የተነዳ አድርጎ መቍጠር ሰውዬውን ማሳነስ ነው። እርሱ በጥበቡ የሚኮራ ሰው ነበር፤ ያን የመሰለ ፍጥነትና ያን የመሰለ ማነጣጠር ባይኖረው ኖሮ የጃርዲን ብልሃት በወረቀት ላይ በቀረ ነበር። በሠራው ሥራ ድርሻው የእርሱ ነው፤ የሚበልጠው ድርሻ ግን አስቦ ያዘዘው ሰው ነው።

ስለዚህ እንዲህ ብለን ብንፈርድ ከእውነት የምንርቅ አይመስለኝም። ሥራን ከሥራ ጋር ብናወዳድር በ1932 እና በ1933 በአውስትራልያ ሜዳ የአለን ሥራ ከላርውድ ሥራ ይሻላል፤ በዚህ መጠራጠር አይገባም። ሰውን ከሰው ጋር ለማወዳደር ግን ሥራው ብቻ አይበቃም፤ እያንዳንዱ ከየት እንደ ተነሣ፣ ለመልካሙ ነገር ምን እንደ ከፈለና ከጥፋቱም በኋላ እንዴት እንደ ኖረ መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ለመመዘን ደግሞ የሰው ዐይን ድካም አለበት። ሥራን በድፍረት፣ ሰውን በትሕትና መመዘን ይገባል። ይህን ልዩነት የማያውቅ ሰው ከሁለት ስሕተት በአንዱ ይወድቃል፤ ወይ ሰውየውን ስለሚወደው ክፉ ሥራውን መልካም ይለዋል፤ ወይም ሥራውን ስለ ጠላው ሰውየውን ሁሉ ይጥለዋል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ላርውድ በ1950 ቤተ ሰቡን ይዞ ከእንግሊዝ ወጣ። የሄደው ወዴት ነው? ወደ አውስትራልያ ነው። መንገዱን ካቃኑለት ሰዎች አንዱ ጃክ ፊንግልተን ነበር፤ እርሱም በዚያ በ1932 ወቅት የላርውድን ኳስ ቆሞ የተቀበለ መቺ ነው። የተመቱት ሰዎች መቺያቸውን በአገራቸው ተቀበሉት፤ በሲድኒም በሰላም ኖረ። የእንግሊዝ መንግሥት የክብር ኒሻን የሰጠው በ1993 ነው። በ1995 በዘጠና ዓመቱ በዚያው በሲድኒ ዐረፈ። አለን ግን ከእርሱ ቀደም ብሎ በ1986 የሰር ማዕርግ አግኝቶ በ1989 ዐርፎ ነበር። አውስትራልያውያን ላርውድን ሲቀበሉ የተወረወረባቸው ኳስ መልካም ነበር ማለታቸው አልነበረም፤ ሥራውን ጠልተው ሰውየውን ሊያከብሩ ችለው ነበር እንጂ። ከላይ ያልነውን ልዩነት በመጽሐፍ ሳይሆን በኑሮ ያሳዩት እነርሱ ናቸው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ይህ ነገር ስለ ክሪኬት ብቻ የተጻፈ አይምሰልህ። አንተ ማንበብና መጻፍ የተማርህ ነህ፤ ነገ በመሥሪያ ቤት፣ በትምህርት ቤት፣ በፋብሪካ ወይም በንግድ ቤት ከብዙ ሰዎች ጋር ትሰለፋለህ። ከእነዚህም መካከል ደመወዙ ለአንድ ወር ቢቀር ልጆቹ የሚራቡ ሰው ይኖራል። ሁላችሁንም የሚያዝዝ አለቃ አንድ ቀን የማይገባ ትእዛዝ የሰጠ እንደ ሆነ፣ አስቀድሞ እንቢ ማለት የሚገባው የትኛው ነው? ዋጋው የሚቀልለት ነው። ትምህርት፣ ወገንና ጥሪት ያለው ሰው ነጻነቱ የተሰጠው ለጌጥ አይደለም፤ ሌላው ሊናገር የማይችለውን ቃል ቀድሞ እንዲናገርበት ነው። አለን ለራሱ «አልወረውርም» አለ፤ መልካም አደረገ። ለጓደኛውም «እርሱንም አታስወርውረው» ብሎ በአለቃው ፊት ቢቆም ኖሮ ግን ከዚህ የበለጠ ታላቅ ይሆን ነበር፤ እርሱ ሊናገረው ይችል ነበርና።

እንግዲህ ወደ ፊት «ከሁለቱ ማን ይበልጣል?» የሚል ክርክር ሲነሣ ቁጥሩን አትናቅ፤ ቁጥር ለብዙ ልፋት ታማኝ ምስክር ነው። ነገር ግን ቁጥሩን ከሰማህ በኋላ ሌሎችን ጥያቄዎች ጨምር። ይህ ሰው ሊወስድ ሲችል የተወው ነገር ምንድር ነው? መልካሙን ነገር ሲያደርግ ምን ከፈለ? ከእርሱ ያነሰ ነጻነት ለነበረው ሰው ምን አደረገለት? እነዚህን ጥያቄዎች በሌላው ሰው ላይ ማቅረብ የለመደ ወጣት አንድ ቀን ለራሱ ማቅረቡ አይቀርም፤ የክርክሩም ትልቁ ጥቅም ይህ ነው።